ዜማው የት ተነሥቶ የት ያርፋል? ስለ ቱርክ ሙዚቃ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ቱርክ ሙዚቃ አንዲት አጭር ጥያቄ መልሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአረርቲ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ሆነዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በአማርኛ እየተተረጎሙ የሚቀርቡት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በየቤቱ ገብተዋል፤ ንግግሩ በአማርኛ ሲተካ ዘፈኑ ግን እንዳለ በቱርክኛ ስለሚተው፣ የተመልካቹ ጆሮ ቃሉን ሳይይዝ ዜማውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህም ይመስለኛል አብዛኞቹ ጥያቄዎች ዘፈኑ ምን ይላል የሚሉ ሳይሆኑ እንዴት ተሠራ የሚሉ የሆኑት። ተመሳሳዮቹን አዋሕደን ሰባቱን እንመልሳለን። የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ እርማት። ባለፈው እትም ‹ሳዝ ሰማኢ የሚባለው የመሣሪያ ድርሰት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሥር ምት ይሄዳል› ብዬ ጽፌ ነበር። ስሕተት ነው። እንዴት እንደሆነ በሁለተኛው መልስ ውስጥ አስተካክላለሁ፤ ስሕተቱን የጠቆሙኝን የደብረ ሲና አንባቢ አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ መሰንቆ በመማር ላይ ያለሁ ወጣት ነኝ። መምህሬ የቱርኮች ‹ማካም› የእኛ ቅኝት ማለት ነው ብለው ነገሩኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ማካም ስኬል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም ይላል። የማንን ልያዝ?

መልስ፦ መምህርህ ለእውነቱ ቀርበዋል፤ ጓደኛህ የነገሩን ግማሽ ይዟል። ማካም ቱርኮች ከዓረብኛው ‹መቃም› የወሰዱት ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ መቆሚያ ስፍራ ማለት ነው። ሥሩ ከእኛው ‹ቆመ› ጋር አንድ ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ ማካም የሚነግርህ ዜማው የትኞቹን ድምፆች እንደሚጠቀም ብቻ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት ላይ እንደሚቆም ጭምር ነው።

ከድምፆቹ እንጀምር። የእኛ አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የማካም ድምፆች በመሠረቱ ሰባት ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ፒያኖ ላይ ከለመድነው ይለያል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁሴይን ሳደቲን አሬል፣ ሱፊ ኤዝጊና ሳሊህ ሙራት ኡዝዲሌክ ያደራጁትና ዛሬም በቱርክ የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ የሚሠራበት ንድፈ ሐሳብ፣ አንዱን ሙሉ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ሬ ያለውን ርቀት፣ ‹ኮማ› ለሚባሉ ዘጠኝ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፍለዋል። በዚህ ስሌት ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ 53 ኮማ አለ። ፒያኖ ሙሉውን ድምፅ ለሁለት እኩል ሲገምሰው፣ ቱርኮች አራት ኮማ፣ አምስት ኮማ፣ ስምንት ኮማ የሚሆኑ እኩል ያልሆኑ ርምጃዎችን ያወጡበታል።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሒሳብ ትምህርት ይመስላል፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን ቀላል ነው። የእኅቴ ልጅ ከኢስታንቡል ስትመለስ ያመጣችልኝ ባላማ ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ተደግፎ ቆሟል። ባላማ፣ በሌላ ስሙ ሳዝ፣ ሆዱ እንደ ተገመሰ ቅል የጎበጠ፣ አንገቱ የረዘመ፣ የብረት ክሮቹ በሦስት ረድፍ የተወጠሩ የሕዝብ መሣሪያ ነው። በአንገቱ ላይ ድምፅ የሚለዩት እርከኖች እንደ ጊታር በብረት የተተከሉ አይደሉም፤ ቀጭን የናይሎን ክር ሦስት አራት ጊዜ እየተጠመጠመ የታሰረባቸው ናቸው፤ ስለዚህ በአውራ ጣት ሲገፏቸው ይንሸራተታሉ። በላና በዶ መካከል ፒያኖ ሁለት ድምፅ ሲኖረው የእኔው ባላማ ሦስት ቋጠሮ አለው። መካከለኛዋ ቋጠሮ ሲ ቤሞልም (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ሲ) ሲም አይደለችም። የመጀመሪያ ቀን ስነካት መሣሪያው በመንገድ የተናጋ መስሎኝ ቋጠሮዋን ወደ ላይ ልገፋት ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

ጓደኛህ የሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሁሴይኒና ሙሃየር የሚባሉ ሁለት ማካሞችን እንውሰድ። ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያርፉት ላ ላይ ነው። በስኬል ዓይን ከታዩ አንድ ነገር ሁለት ስም ተሰጠው ያሰኛሉ። ሆኖም ሁሴይኒ ከመካከል፣ ከአምስተኛው ድምፅ ከሚ አካባቢ ይነሣና ወዲያ ወዲህ እየቃኘ፣ ሚን እየደጋገመ፣ በመጨረሻ ወደ ላ ይወርዳል። ሙሃየር ከላይኛው ላ ላይ ይጀምርና ከዚያ ቁልቁል ይመጣል። ኡሻክ የሚባለው የቅርብ ዘመዳቸው ደግሞ እዚያው ከማረፊያው አጠገብ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ብርታቱንም በአራተኛው ድምፅ በሬ ላይ ያሳርፋል። ይህን አካሄድ ቱርኮች ‹ሰይር› ይሉታል፤ ጉዞ ማለት ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣና ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው የሚረግጡት አንድ መንገድ ነው፤ አንዱ ሲያልበው ሌላው ፍሬን ይዞ ይወርዳል፤ ማንም አንድ ጉዞ ሄዱ አይልም። በስም የሚታወቁት ማካሞች በመቶዎች የሚቆጠሩትም ሰይር እየለያቸው ነው፤ ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጥቂት አሥሮች አያልፉም ነበር።

እንግዲህ መምህርህ ‹ቅኝት› ሲሉ ለጆሮ የሚሰጠውን ጠባይ ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን ቅኝት ክሩን ከመቃኘት የተወለደ ቃል ሲሆን፣ ማካም ከመሣሪያ አወጣጠር ጋር የተያያዘ አይደለም። እኔ በበኩሌ ወደ ማካም ለመሻገር ከክራር ቅኝት ይልቅ የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተሻለ ድልድይ ይመስሉኛል፤ እነርሱም በድምፅ ብቻ ሳይሆን በአካሄድ ይታወቃሉና።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነዋሪ የሆንሁ መሪጌታ ነኝ። በእኛ ማሕሌት የሚቀድመውና የሚከተለው የታወቀ ነው፤ ማንም በፈለገው ቦታ የፈለገውን አያነሣም። የቱርክ የቤተ መንግሥት ሙዚቃ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለውን? ካለውስ ዜማዎቹ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ መሪጌታ፣ ሥርዓት አለው፤ ስሙም ‹ፋስል› ነው፤ ምዕራፍ እንደ ማለት ነው። በፋስል ውስጥ በአንድ ማካም የተደረሱ ልዩ ልዩ ድርሰቶች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ። በጥንታዊው ልማድ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማው ‹ፔሽሬቭ› ይቀድማል፤ ‹ክያር› የሚባለው ረጅምና ከባድ የዘፈን ድርሰት ከኖረ ይከተላል፤ ከዚያ ሁለት ‹ቤስቴ›፣ ቀጥሎ ዝግተኛው ሰማኢ፣ ቀጥሎ ‹ሻርኪ› የሚባሉት አጫጭር ዘፈኖች፣ ቀጥሎ ፈጣኑ ሰማኢ፣ መዝጊያው ደግሞ እንደ መክፈቻው በመሣሪያ ብቻ የሚመታው ሳዝ ሰማኢ ይሆናል። ከከባዱ ወደ ቀላሉ፣ ከዝግታው ወደ ፍጥነቱ ይሄዳል ማለት ነው። ‹ሰማኢ› የሚለው ስም ከእኛው ‹ሰማ› ጋር አንድ ሥር እንዳለው ሳያስተውሉ አልቀሩም።

ፔሽሬቭ የፋርስ ቃል ነው፤ ፊት ፊት የሚሄድ ማለት ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል ‹ሃኔ› ይባላል። ሃኔ በፋርስኛ ቤት ነው። እኛ በግጥም ‹ቤት መታ› እንደምንል፣ ቅኔውንም በቤት በቤት እንደምንቆጥር፣ እነርሱም ዜማን በቤት ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ቤት ማካሙን ያሳያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዚያ ወጣ ብለው ይዘዋወራሉ፤ በተለይም ሦስተኛው ወደ ላይኛው ድምፅ ወይም ወደ ሌላ ማካም መሻገር ይወዳል። አራተኛው ወደ አገሩ ይመለሳል። የእያንዳንዱ ቤት ፍጻሜ ‹ተስሊም› ለሚባል፣ በመጣ ቁጥር ለማይለወጥ የዜማ ክፍል ይሰጣል። ተስሊም ማስረከብ ማለት ነው። ከሁሉም ቅርጾች እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ሦስተኛው ቤት የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ የተረከበውን ሳያስረክብ ማደር አይችልም።

ሳዝ ሰማኢም እንዲሁ አራት ቤትና ተስሊም አለው፤ እርማቴም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ቤቶችና ተስሊሙ ‹አክሳክ ሰማኢ› በሚባለው የአሥር ምት ይሄዳሉ፤ አራተኛው ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ አሥሩን ትቶ ወደ ስድስት ወይም ወደ ሦስት ምት ይዞርና ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ተስሊሙ በአሥር ተመልሶ ድርሰቱን ያሳርፈዋል።

የምት ሥርዓቱ ‹ኡሱል› ይባላል። ተማሪው ከመሣሪያ በፊት ኡሱልን በጉልበቱ ላይ ይማራል፤ በቀኝ እጁ ቀኝ ጉልበቱን ሲመታ ‹ዱም› ይላል፣ በግራ እጁ ግራ ጉልበቱን ሲመታ ‹ተክ› ይላል። ‹ዱየክ› የሚባለው የስምንት ምት ኡሱል አንድ ዱም፣ ሁለት የምትቆይ ተክ፣ አንድ ተክ፣ ሁለት የምትቆይ ዱም፣ ሁለት የምትቆይ ተክ ነው፤ መሪጌታ እንደ መቋሚያና ጸናጽል ቆጥረው ቢሞክሩት ወዲያው ይገባዎታል። ትንንሾቹ ኡሱሎች ከሁለት ምት ይነሣሉ። ትልልቆቹ 24፣ 28፣ 32፣ 48 ምት ይደርሳሉ። ‹ዘንጂር›፣ ማለትም ሰንሰለት፣ የሚባለው ባለ 16፣ ባለ 20፣ ባለ 24፣ ባለ 28ና ባለ 32 ምት የሆኑ አምስት ኡሱሎች ተቆላልፈው 120 ምት የሚሞላ ነው፤ አንድ ዙር እስኪዘጋ ድረስ አድማጩ ቀርቶ አዲስ ከበሮ መቺም ይጠፋበታል።

ከዘፈኖቹ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ቤስቴ የታሰረ ማለት ነው፤ አራት ስንኝ ግጥም ይይዛል። ከስንኞቹ ጋር ‹ተረኑም› የሚባል አዝማች ይያያዛል፤ ይህም አንዳንዴ ‹ተን ተን ተነኒ›፣ ‹የል ለል ሊ› የሚል ፍቺ የለሽ ድምፅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ‹ነፍሴ›፣ ‹ዕድሜዬ› እንደሚል የፍቅር ቃል ነው። ሻርኪ አጭርና ለሕዝብ ጆሮ የቀረበ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ‹ዘሚን›፣ ወለል፣ ይባላል፤ ሁለተኛው አዝማቹ ‹ናካራት› ነው፤ ሦስተኛው ‹መያን› ወደ ላይ ወጥቶ ዜማውን ያሻግራል፤ አራተኛው እንደገና አዝማቹ ነው። በድራማዎቹ ውስጥ አሮጌ ዘፈን ሲሰሙ ሦስተኛውን ስንኝ ቢጠብቁ ድምፁ ከፍ ሲል ያገኙታል። ሃጂ አሪፍ በይ (1831–1885) የሻርኪ ቁንጮ ሲሆን፣ በትልልቆቹ ቅርጾች ደግሞ ኢትሪ (በ1712 ገደማ ያረፈው) እና ሃማሚዛደ ኢስማኢል ደደ ኤፈንዲ (1778–1846) የሚጠሩ ናቸው።

የኮንያ መውለዊዎች፣ ማለትም እየዞሩ የሚጸልዩት ሱፊዎች፣ የሚዞሩበት ሥርዓትም በዚሁ ሙያ የተሠራ ነው። በውዳሴ ተከፍቶ፣ ኔይ የሚባለው የመቃ ዋሽንት ብቻውን ተሰምቶ፣ በፔሽሬቭ ሦስት ጊዜ አደባባዩ ተዙሮ፣ ‹ሰላም› የሚባሉ አራት ክፍሎች ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት በአንድ ሠርግ ላይ ከድራማ ያየነውን የቱርክ ጭፈራ ልንሞክር ተነሥተን ሁላችንም እግራችን ተሳሰረ። ምቱ አንዱ ጋ ይጎድላል ወይስ ይተርፋል?

መልስ፦ ይተርፋል። የሞከራችሁት የዘጠኝ ምት ጭፈራ ሳይሆን አይቀርም። ዘጠኙን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ከከፈላችሁት እግራችሁ የግድ ይታሰራል፤ ቱርኮች ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት አድርገው ነው የሚቆጥሩት። የተረፈችው መጨረሻ ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ምት ናት። በኤጅያን ባሕር ዳርቻ ያለው ‹ዜይቤክ› ይህንኑ ዘጠኝ በዝግታ፣ ክንድን እንደ ንስር ዘርግቶ፣ ጉልበትን እስከ መሬት አውርዶ ይጨፍረዋል። በትራክያ ያለው ‹ካርሽላማ› በፍጥነት ይረግጠዋል። በጥቁር ባሕር በኩል፣ ትራብዞንና ሪዜ አካባቢ፣ ‹ሆሮን› አለ፤ እርሱ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሰባት ነው፤ እጅግ ስለሚፈጥን ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፤ ለእስክስታ አገር ሰው ምናልባት የሚቀለው እርሱ ነው። እንዲህ ያሉትን እኩል የማይከፈሉ ምቶች ቱርኮች ‹አክሳክ› ይሏቸዋል፤ አንካሳ ማለት ነው። ለቀጣዩ ሠርግ ‹አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት› እያላችሁ ከቤት ወደ ገበያ አንድ ጊዜ ብትራመዱ ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ የአንኮበር አካባቢ ሰው ነኝ። አባቶቻችን ቀረርቶ ሲያሰሙ ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ድምፁ እንደ ልቡ ይሄዳል። በአንድ የቱርክ ዘፈን ውስጥ ሽማግሌ እንዲያ ሲያዜም ሰማሁና ገረመኝ። ይህ ምን ይባላል?

መልስ፦ ‹ኡዙን ሃቫ› ይባላል፤ ቃል በቃል ረጅም ዜማ ማለት ነው። የቱርክ የሕዝብ ዘፈን በጠቅላላው ‹ቱርኩ› ሲባል፣ በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላል፤ ምት ያለው ‹ክሪክ ሃቫ›፣ ሰባራ ዜማ፣ እና ምት የሌለው ኡዙን ሃቫ። ስያሜው እኔን ዘወትር ያስገርመኛል፤ ለእነርሱ በምት የተቆራረጠው ሰባራው ሲሆን ሳይቆጠር የሚፈሰው ግን ሙሉው ነው።

ከኡዙን ሃቫ ዓይነቶች እርስዎ የሰሙት ‹ቦዝላክ› ሳይሆን አይቀርም፤ በመካከለኛው አናቶሊያ፣ በተለይ በክርሸሂር አገር፣ የገነነ ነው። ስሙ የግመልን ጩኸት ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነው። ሙሐረም ኤርታሽ (1913–1984) እና ልጁ ነሸት ኤርታሽ (1938–2012) በዚህ የታወቁ ናቸው። አቀራረቡ እንዲህ ነው። ባላማው ብቻውን ይከፍታል፤ መክፈቻውም ያለ ምት ሆኖ ዜማው የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ጠርጎ ያሳያል። ከዚያ ድምፃዊው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ ላይ ‹አይ› ብሎ ይነሣል፤ እዚያ ላይ ይቆያል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በደረጃ በደረጃ እየወረደ ማረፊያው ላይ ይደርሳል። ትንፋሹን ሲሰበስብ ባላማው ያንኑ ቁልቁለት በአጭሩ ይደግምለታል፤ እርሱም ለሁለተኛው ስንኝ እንደገና ከላይ ይነሣል።

‹እንደ ልቡ ይሄዳል› ያሉት ለምቱ ትክክል ነው፤ ለመንገዱ ግን አይደለም። ቦዝላክ ከታች ተነሥቶ ሽቅብ ቢሄድ የክርሸሂር ሽማግሌ ቦዝላክ አይለውም። የእኛም ቀረርቶ ቢሆን በምት ያልታሰረ ይምሰል እንጂ መነሻና መድረሻ እንዳለው፣ ያላወቀበት ሰው ሲያቀነቅን ወዲያው ስለሚታወቅ፣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ምስክር ነዎት። የገጠር ተጫዋቾች ማካም የሚለውን የሊቃውንት ቃል አዘውትረው አይጠቀሙም፤ ‹አያክ›፣ እግር፣ ይላሉ። ሁሴይኒን የሚመስለውን ‹የከረም እግር›፣ ሂጃዝ የሚባለውን ማካም የሚመስለውን ‹የጋሪፕ እግር› እያሉ በፍቅር ተረት ጀግኖች ስም ይጠሩታል።

በዚህ ወገን ‹አዉት› የሚባለው ሙሾም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች የሚያወርዱት ነው። የመንዝ አልቃሽ ብትሰማው ቃሉ ሳይገባት ሥራው የሚገባት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ዜማ በምን ተጠብቆ ቆየ? ኖታ ነበራቸው? (ከአረርቲ)

መልስ፦ ለብዙ ዘመን በቃል ነው የቆየው። ትምህርቱ ‹መሽክ› ይባላል፤ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ጉልበቱ ላይ ኡሱሉን እየመታ ይቀበላል፣ እስኪዋሐደው ይደግማል። በጽሑፍ ያስቀሩት ሰዎች ታሪክ ደግሞ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ብዙዎቹ ከሌላ ወገን የመጡ ነበሩ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ፖላንዳዊ ተወላጁ አሊ ኡፍኪ በአውሮፓ ኖታ ጻፈ። የሞልዳቪያው ልዑል ዲሚትሪየ ካንተሚር (1673–1723) በፊደላት የሚሠራ ምልክት አበጅቶ 350 ያህል ድርሰቶችን መዘገበ። አርመናዊው ሃምፓርሱም ሊሞንጂያን (1768–1839) ያወጣው ምልክት ከሁሉ ይልቅ በሙዚቀኞች እጅ ገባ። የእኛ ሊቃውንት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት አዘጋጁ ብለው ከሚተርኩት ጋር ሲነጻጸር፣ እዚያ ውጭ የነበሩት የጻፉት፣ እዚህ ውስጥ የነበሩት የጻፉት መሆኑ ይለያል። የሕዝቡን ቱርኩ በተመለከተ፣ ሃንጋሪያዊው በላ ባርቶክ በ1936 አዳና አካባቢ ዞሮ ቀርጿል፤ ከ1937 ጀምሮ የአንካራ ኮንሰርቫቷር ቡድኖች መላ አገሪቱን እየዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜማዎችን ሰብስበዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሙዛፈር ሳርሶዘን (1899–1963) ዋነኛው ነው።

ጥያቄ፦ የቅኔ ተማሪ ነኝ፤ የምጽፈው ከሞጃና ወደራ ነው። ቱርኮች እንደ እኛ አዝማሪ ግጥም እየገጠመ የሚያዜም አላቸው? ሰምና ወርቅስ ያውቃሉ?

መልስ፦ ‹አሽክ› የሚባል አላቸው፤ በፍቅር የተያዘ ማለት ነው። ባላማውን ይዞ የራሱን ግጥም ያዜማል። የተለመደው የግጥም ቅርጹ ‹ኮሽማ› ነው፤ በአራት በአራት ስንኝ የሚሄድ፣ እያንዳንዱ ስንኝ 11 ቀለም የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜም ከስድስተኛው ቀለም በኋላ የሚያርፍ ነው። በእኛ የወል ቤት ስድስት ከስድስት፣ በሰንጎ መገን አምስት ከአምስት እንደሚጋቡ አስታውስ፤ ቱርኮች ስድስትን ከአምስት ጋር ያጋባሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ቀለም ቀድሞ ያልቃል፤ ያቺን የጎደለች ቦታ ባላማው ይሞላታል። ከዚህ የሚያጥር ባለ ስምንት ቀለም ‹ሰማኢ› እና ባለ ሰባት ቀለም ‹ማኒ› አሉ። የቤተ መንግሥቱ ግጥም ግን ቀለም አይቆጥርም፤ ረጅምና አጭር ቀለማትን በሚመዝነው ‹አሩዝ› ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ ሙዚቃዎች ከሁሉ በላይ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

አሽኩ በመጨረሻው አንጓ ላይ የብዕር ስሙን ያገባል። ከሲቫስ ገጠር የተነሣው፣ በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣው አሽክ ቬይሰል (1894–1973) ‹ቬይሰል› ብሎ ራሱን ሲጠራ አድማጩ ግጥሙ እየተዘጋ መሆኑን ያውቃል። ስሙ ራሱ ማረፊያ ሆነ ማለት ነው። ሁለት አሽኮች ፊት ለፊት ተቀምጠው በግጥም ይፋለማሉ። ከፍልሚያዎቹ አንዱ ‹ለብደይመዝ›፣ ከንፈር የማይነካካበት፣ ይባላል፤ ሁለቱም በከንፈሮቻቸው መካከል መርፌ አቁመው፣ በ፣ ፐ፣ መ፣ ፈና ቨ የሚሰሙባቸውን ቃላት ሁሉ እያስወገዱ እዚያው ይገጥማሉ። የሳተ ሰው ስሕተቱን ዳኛ አይነግረውም፤ መርፌዋ ትነግረዋለች። አንተም ከጓደኛህ ጋር ‹በ› እና ‹መ› ሳታነሡ ሁለት ስንኝ ብትሞክሩ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ታያላችሁ፤ እኔ ሞክሬ የመጀመሪያውን ስንኝ አልጨረስሁም። የአሽኮች ልማድ በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ሰምና ወርቅን በቀጥታ የሚተካ ነገር አላቸው አልልህም። የሚቀርበው ግን ‹ጂናስ› ነው፤ ድምፁ አንድ፣ ፍቺው ልዩ ልዩ የሆነ ቃል ቤት መምቻ ሲሆን። በኡርፋና በኪርኩክ የሚዜመው ‹ሆይራት› የሚባል ኡዙን ሃቫ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንዲቱ ቃል ስንኙ ባረፈ ቁጥር በሌላ ትርጉም ትመለሳለች። ኅብረ ቃል ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ሩቅ አገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለ ስድስት ክር ክራር አለኝ። የቱርክ ዜማ ልጫወትበት እችላለሁ ወይስ አላስፈላጊ ድካም ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ትችላለህ። መሰንቆ ቢሆን ይበልጥ ይቀልህ ነበር፤ የሚያግድ እርከን ስለሌለበት ጣት ወደፈለገችው ኮማ ትሄዳለች። በክራር ከሆነ በሁሴይኒ ጀምር፤ ብዙ የመንደር ዜማዎች ከአምስትና ከስድስት ድምፅ አያልፉም። ክሮችህን ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ፋ) አድርገህ ቃኝ። ከሚ ተነሥ፤ እዚያው አካባቢ ቆይ፤ ቀስ ብለህ ወደ ላ ውረድ፤ ላን ቸኩለህ አትንካት። ስትቃኝ ግን የሲን ክር ትንሽ አላላት፤ የተበላሸች እስክትመስልህ ድረስ፤ ሲ ቤሞል ሳትደርስ ግን አቁም። ልታስተካክላት እጅህ ይሄዳል፤ ተዋት።